ትኩሳት አልነበረም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለምሳሳልህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ ከወሊዱ በረታች? እኛ ደህና ነን። እህትህ ዛሬ ሾርባዋን ሳትተፋ ጨርሳለች።

እሁድ ስትደውል፣ «አባዬ፣ ይሄ ልጅ ሲያለቅስ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ አንዳንዴ ይዤ ባንዘፈዝፈው ደስ ይለኛል» ብለህ ሳቅህ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ግን ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ሰነበትኩ።

እህትህን ያሰናከላት ትኩሳት ነው እያልን አሳደግንህ። ትኩሳት አልነበረም። እኔ ነኝ።

ሦስት ወሯ ነበር። ማተሚያ ቤት ሌሊቱን ሠርቼ ገብቼ ተኝቻለሁ፤ እናትህ መድኃኒት ቤት ደርሳ ልትመለስ ወጣች። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ታቅፌ ተንጎራደድኩ፣ ጡጦ ሰጠኋት፤ እምቢ አለች። በመጨረሻ በብብቷ ይዤ «ዝም በይ» እያልኩ ነቀነቅኳት። እስከ አስር አያስቆጥርም። ዝም አለች። ተኛችልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ እኔም ተኛሁ።

እናትህ ስትመለስ ልጅቷ ጡት አልይዝ አለች፤ አስታወከች፤ ከዚያ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪም ቤት «ትኩሳት አለባት» አልኩ። ሁለት ቀን የትኩሳት መድኃኒት ሲሰጧት ቆዩ። በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት ሐኪም ዓይኗን መርምሮ፣ «የነቀነቃት ሰው አለ?» አለ።

«የለም» አልኩ።

እሱ እኔን እያየ ለእናትህ አስረዳት። «የሕፃን አንገት ጭንቅላቱን አይችልም። ሲነቀነቅ አንጎሉ ከራስ ቅሉ ጋር ይላተማል፣ ደም ሥሩ ይበጠሳል። ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል።» እናትህ ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

ይኸው ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በማንኪያ አጎርሳታለሁ። ፊቴን አታይም፤ ድምፄን ስትሰማ ግን ትስቃለች። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝም እውነትህን ነው። ግን ስማኝ። ለቅሶው ሲበዛብህ ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛውና በሩን ዘግተህ ውጣ። ፊትህን ታጠብ፤ ጎረቤት ጥራ፤ ለእኔ ደውል። ለቅሶ ልጅ አይገድልም። አያድርገውና እጅህ ከቀደመህ ደግሞ እንደ እኔ አትዋሽ፤ ያንኑ ሰዓት ለሐኪም ተናገር።

አምላክ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ እጅህንም ከቁጣ ይጠብቅልህ። ይህን አንብበህ መደወል ቢያቅትህ አልቀየምህም።

አንተ ሕፃን ሳለህ እናትህ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ከእኔ ጋር ትታህ ወጥታ አታውቅም። ልብስ ልታሰጣ ደጅ ስትወጣ እንኳ ለጎረቤት ትሰጥህ ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም ሳትነግረኝ ሞተች።

አባትህ