እልህ ያላችሁት ነገር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔም፣ ባለቤቴም፣ የልጅ ልጅሽም አለን። "አለን" ስልሽ እየተነፈስን ነው ማለቴ ነው፤ ሰሞኑን በዚህ ቤት መተንፈስ ራሱ ትልቅ ወሬ ሆኗል።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥሽ። ስልክ ላይ ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር "አይሰማም፣ አይሰማም" ትይኛለሽ፣ መስመሩም ይቆረጣል። ስለ ጎረቤትሽ ድመት ስናወራ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ጥርት ብሎ ይሰማሻል! ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ልጅቷን ታውቂያታለሽ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። አንድ ነገር ስትከለከል አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ ግን የለም። ከንፈሯ ይጠቁርና ዝልፍልፍ ብላ ትወድቃለች። ደቂቃ ሳይሞላ ትነቃለች፤ ያቺ ደቂቃ ግን ከእኔ ዕድሜ ላይ ነው የምትቀነሰው። መካሪ ደግሞ አላጣሁም። አማቴ ውኃ እርጩባት አለች። የታችኛው ቤት ጎረቤታችን ፊቷ ላይ እፍ በሉባት አለች። የምትውልበት የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ደግሞ አትዩአት፣ ተመልካች ስታጣ ትተወዋለች አለችኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ሁሉንም ሞከርኩ። ሁሉም የሚስማሙት በአንድ ቃል ነው፤ እልህ ነው። አንቺም መስመሩ ከመቆረጡ በፊት "እልህ ነው፣ ብቻ አታስለቅሷት" ትያለሽ።

እስቲ ንገሪኝ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ሳያስለቅሱ እንዴት ነው የሚያሳድጉት? መቀስ ስትፈልግ መቀስ እንስጣት? አስፋልት መሃል እጄን ልቀቁ ስትል እንልቀቃት? ባለቤቴ "እምቢ" የሚለውን ቃል እሷ ፊት መጥራት ፈርቶ "እ፣ ም፣ ቢ" እያለ ፊደል ቆጥሮ ነው የሚነግረኝ። ቤታችን የንግሥት ግቢ ሆኗል፣ ዋናው ደንገጡር እሱ ነው።

ባለፈው ወር ማቆያው ውስጥ ወደቀች። ምክንያቱ የጫማ ማሰሪያ ነው፤ ይታሰር ተባለች፣ እሷ አይታሰርም አለች። የዚያን ቀን ከንፈሯ አልጠቆረም፤ ወረቀት መስላ ነጣች፣ ለመንቃትም ቆየች። ይዣት ሐኪም ዘንድ ሮጥኩ። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። አብዛኞቹ ልጆች እያደጉ ይተዉታል አለኝ፤ ቢሆንም ደሟንም እንይ፣ የልብ ምቷንም አንድ ጊዜ በመሣሪያ እንይ አለ። ከዚያ በቤተሰባችሁ ራሱን እየሳተ የሚወድቅ ወይም በልጅነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ዋሽቼ አይደለም እማዬ፣ ከልቤ ነው የለም ያልኩት።

የልብ መመርመሪያው ክፍል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ነው። ደረቷ፣ እጇና እግሯ ላይ አሥር ሽቦ ይለጠፋል። አንዱን ስንለጥፍ ሌላውን ትነቅላለች። መሣሪያው የሚፈልገው የተረጋጋ ልጅ ነው አሉኝ። የተረጋጋ ልጅ ቢኖረኝ እዚያ ምን አመጣኝ? መሣሪያውን የያዘችው ባለሙያ በመጨረሻ አንዱን ተለጣፊ በራሷ ግንባር ላይ ለጥፋ ስታሳያት ልጅቷ ሳቀችና ዝም አለች። የልብ ምቷ መስመር ሳይንቀጠቀጥ የወጣው በአራተኛው ወረቀት ነው። ላቤን እየጠረግኩ፣ ልቀልድ ብዬ፣ የእኛ ቤት እልህ ቀላል እንዳይመስልሽ፣ እህቴን እንኳ የገደላት እሱ ነው አልኳት።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ምን አልሽኝ አለች። እኔም በቤታችን እንደሚወራው ነገርኳት፤ እኔ ሳልወለድ፣ እህቴ በሦስት ዓመቷ፣ አንድ ነገር ተከልክላ አለቀሰች፣ ወደቀች፣ አልተነሣችም፣ በእልህ ሞተች። ይህን ስናገር ገና ያን ጊዜ የገዛ ጆሮዬ ሰማው። ሐኪሙ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር እኮ! ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት፤ እናንተ እልህ ስላላችሁት እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠባይ እንጂ ሕመም አልመሰለኝም። ባለሙያዋ ወረቀቱን ይዛ ወጣች፣ ሐኪሙን ይዛ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ተናድጄብሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ሐኪሙ እህትሽ የወደቀችው ስትሮጥ ነው ወይስ ስታለቅስ፣ ከዚያ በፊትስ ወድቃ ታውቃለች ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ሁሉ "እንጃ" ነበር። ስለ ገዛ እህቴ የማውቀው አንዲት ቃል ብቻ! በልጅነቴ ስጠይቅሽ ተነሥተሽ ዕቃ ታጥቢ ነበር፣ ያውም የታጠበውን ዕቃ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ዘርግቶ በእስክሪብቶ አሳየኝ። ልብ አንዴ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው የሚዘጋጅበት ጊዜ አለ፤ የልጄ ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ድንጋጤ ወይም ብርቱ ለቅሶ ሲመጣ ምቱ ይዛባባታል። ጠባይ አይደለም፣ አብሯት የተወለደ ነው፣ በዘር ይተላለፋል አለኝ። ስለ እህቴም "ያላየሁትን አልምልም፣ የነገርሽኝ ግን ከዚህ ጋር ይገጥማል" አለኝ። ሽሮፕ ጀምራለች። መውሰድ የሌለባት መድኃኒት ዝርዝር ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፤ ብትወድቅ ምን እንደምናደርግም ሦስታችን፣ ሞግዚቷ ጭምር፣ ተምረናል። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ እንጂ እንደ ማንኛውም ልጅ ትከልከል ስለተባልን አሁን መቀስ ከልክለናታል፤ ጎረቤት እስኪሰማ ታለቅሳለች፣ እኔም ቆሜ ከንፈሯን አያለሁ።

ወላጆችም እንታይ ተባልን። ባለቤቴ ንጹሕ ወጣለት፤ ውጤቱን እንደሰማ "የእኔ ልብ!" እያለ ሲኮራ ዋለ፤ በማግስቱ የእኔ ወጣ፣ ከልጄ ጋር አንድ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት እሷ ሽሮፗን፣ እኔ እንክብሌን ይዘን ማን ቀድሞ ይውጣል እንወዳደራለን። ሁልጊዜ ትቀድመኛለች።

ለአንቺ ለሚመጣው ሐሙስ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። የሚያመኝ ጉልበቴ ነው እንጂ ልቤ ምን ሆነ እንደምትዪ አውቃለሁ። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ነይልኝ፣ ሌላ ነገር አልለምንሽም።

በሕይወቴ አንድም ቀን እምቢ ብለሽኝ አታውቂም። ሰው ሁሉ አሞላቅቃ አሳደገቻት ይልሽ ነበር፣ ለእኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ትናንት አክስቴን ወጥሬ ያዝኳትና እህቴ ያን ቀን የፈለገችው ምን እንደነበር ጠየቅኳት። ጃንጥላሽን ነበር አለችኝ። ትሰብረዋለች ብለሽ ከማትደርስበት ቦታ ሰቀልሽው።

እማዬ፣ ብትሰጫትም ኖሮ ልቧ ያው ነበር። ይህን ሐኪሙን ጠይቄ፣ ሁለት ጊዜ አስደግሜ ነው የጻፍኩልሽ። አንቺም ሁለት ጊዜ አንብቢው።

ጤናሽን ይስጥልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ