የሙዚቃ ክፍል የሚለው በር

ሰኔ 4

ዛሬም መሰላሌ ታስሮ ዋለ። እህቴ ልብስ አስጥታበታለች። ሁለት አንሶላ፣ አንድ የትራስ ልብስ፣ አምስት ነጠላ ካልሲ። ስድስተኛው የት ገባ? ታፔላ ጸሐፊ ያለ መሰላል ምን ይሠራል? ቁመቱ እስከደረሰበት ድረስ። የኔ ቁመት ደግሞ... ይለፍ።

«መሰላሌን ፍቺልኝ» አልኳት።

«ሲደርቅ።»

«ፀሐይ የለም እኮ።»

«ምን አስቸኮለህ፣ ወንድም ጋሼ? ወረፋ ይዞ የሚጠብቅህ ደንበኛ አለ?»

የለም። ታውቃለች። እኔ የምሠራው መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ነው፣ እሷና ልጇ ከኋላ ናቸው፤ የሚገባ የሚወጣውን ግን ከኔ ይልቅ እሷ ናት የምታየው።

ይሄን ሁሉ የዘበዘብኩት ሌላውን ላለመጻፍ ነው። ዛሬ አለቃን ክሊኒክ ወስዳት ነበር።

አለቃ ልጇ ናት፣ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ፊደል ስጽፍ ከኋላዬ ትቆምና «ይ... ይሄ ዘ... ዘሟል» ትለኛለች። ራቅ ብዬ አያለሁ። ዘሞ አገኘዋለሁ። ከኔ ጋር እንዲህ ነው፤ ቃሉ ይቆምባታል፣ ትጠብቀዋለች፣ ይመጣል። ከሌላ ሰው ጋር አይመጣም። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዝም። ስትዘፍን ብቻ ነው የማይዛት። ያኔ ሁሉም ቃል እንደ ውሃ ይወርዳል።

ሐኪሟ ይሄን ስትሰማ «እንግዲያው ዘፈን ያለበት ትምህርት ቤት ፈልጊላት» ብላታለች። እህቴ ራት ላይ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ዘፈን ያለበት... አባትየው ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሚያማክራት የለም። እኔ አለሁ። እኔ ግን አማካሪ ውስጥ አልቆጠርም።

ሰኔ 7

ከሥራ ስትመለስ የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። የምትሠራው ሆስፒታል ልብስ ክፍል ነው፤ የተቀደደ አንሶላ ትሰፋለች፣ የታጠበውን ታከፋፍላለች። ወረቀቱን አንዲት ነርስ ናት የሰጠቻት። የግል ትምህርት ቤት ማስታወቂያ። ያ ባለ ሦስት ፎቁ፣ አረንጓዴ አጥር ያለው።

«ተመልከት። ቤተ መጻሕፍት። ቤተ ሙከራ። ክሊኒክ። ይሄን ደግሞ ተመልከት።» ጣቷ አራተኛው ፎቶ ላይ ነበር። የሙዚቃ ክፍል።

ተመለከትኩ። ጽሕፈቱ ያምራል። የኔ ነው።

በሚያዝያ ነው የሠራሁት። ዳይሬክተሩ ሽቶ የሚያበዛ፣ የቁልፍ ጥቅል የሚያንቃጭል ሰው ነው። «እዚህ ቤተ መጻሕፍት በል» አለኝ። ውስጡን አየሁ፤ አንድ መደርደሪያ፣ እሱም ባዶ። «መጻሕፍቱስ?» «ይመጣሉ። አንተ ጻፍ።» ጻፍኩ። «ቤተ ሙከራ በል» አለ፣ ጻፍኩ። «ክሊኒክ በል» አለ፣ ጻፍኩ። አራተኛው በር ላይ ምንም አላለም። የተሰበረ ወንበር፣ የሲሚንቶ ከረጢትና የመወልወያ ባልዲ የታጨቀበት ክፍል ነው። አፌ አላርፍ አለኝ። «ይሄስ ለምን ይቅርበት? የሙዚቃ ክፍል ልበለው?» እንዲስቅ ነበር። አልሳቀም። አሰብ አደረገና «በለው» አለ።

አልኩት። ጊታርም ሣልኩበት፤ ቦታ አንሶኝ አምስት ክር ብቻ ያለው። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ዛሬ ለምን ወዲያው አልነገርኳትም? ሽንኩርት እየከተፈች ታዜም ነበር። ስታዜም ከሰማኋት ስንት ጊዜ ሆነኝ?

ሰኔ 8

ነገርኳት። ባዶ መደርደሪያውን፣ ሲሚንቶውን፣ ባልዲውን። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ግን... እሱን አልነገርኳትም።

ሳቀች። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ቢጫውን ረሳኸው?»

አልረሳሁም። አምና «የሆስፒታሉ የደንብ ልብስ ወደ ቢጫ ተቀየረ፣ በራዲዮ ሰማሁ» አልኳት። ማታውኑ ስቄ ልነግራት ነበር፤ ረሳሁት። እሷ በዕረፍት ቀኗ ጨርቅ ገዝታ፣ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ለብሳ ሄደች። በዚያ ሁሉ ነጭ የለበሰ መሃል አንዲት ቢጫ። እስከ ዛሬ «ጫጩቷ» የሚሏት አሉ።

«ያ ቀልድ ነበር። ይሄ እውነት ነው።»

«ያኔም እውነቴን ነው ብለህ ምለህልኛል።»

«በልጅሽ ልማልልሽ?»

«ልጄን አትንካ፣ አንተ ሰውዬ።»

ስትናደድብኝ ወንድም ጋሼነቴ ይነሣና «አንተ ሰውዬ» እሆናለሁ።

ሰኔ 9

መሰላሉ ተፈታ። ልብሱ አልደረቀም። እርጥቡን ነው ያወረደችው።

ሰኔ 12

«ብሩሽ ልገዛ ነው» ብዬ አለቃን ይዣት ወጣሁ። የሄድነው አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ዘንድ ነው። የገዛ ቤቷን ትምህርት ቤት አድርጋዋለች፤ አራት ክፍል፣ በየክፍሉ አሥራ አምስት ልጅ። ግድግዳው ተልጧል። ታፔላ የለም፤ በሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ነው ያለው። ለኔ ብጤው ስድብ ነው። ሴትዮዋ ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል።

«ስምሽ ማነው?» አለቻት። የአለቃ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልረዳት አፌን ስከፍት መምህርቷ ሳታየኝ በእጇ ከለከለችኝ። እርሳስ አንሥታ መቅረጽ ጀመረች። ቀረጸች። ቀረጸች። እርሳሱ ማለቁ ነው ስል ስሟ መጣ። ሙሉውን፣ ከነአባቷ።

«ቆንጆ ስም ነው» አለችና የቀረውን ጉማጅ እርሳስ ሰጠቻት።

እኔንም ጠየቀችኝ። «እርስዎስ የት ተማሩ?» «ታፔላ ላይ» አልኳት። እውነቴን ነው። ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ የቀረውን ከሱቅ ግንባር ላይ ነው ያነበብኩት።

«አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረኝ» አለችኝ ስንወጣ። «እስከ ሰኔ ሃያ ድረስ እጠብቃችኋለሁ።»

ለእህቴ ነገርኳት። ስለ እርሳሱም። «ሴትዮዋ ነገ ታማ ብትተኛ ልጄ የት ትሄዳለች? ደግሞስ ዘፈን አለ?»

የለም።

ሰኔ 15

የወላጆች መጎብኛ ቀን። አረንጓዴው አጥር ውስጥ ሦስታችንም ገባን። መዝጋቢዋ ስሟን ጠየቀቻት። አለቃ የመጀመሪያውን ፊደል ስትይዝ መዝጋቢዋ ጨረሰችላት። የሌላ ልጅ ስም ነው። አለቃ ራሷን ነቀነቀች... በቃ፣ እንደዚያ ልትባል ተስማማች። እናቷ ናት ያስተካከለችው።

የሙዚቃው በር ተቆልፏል። መስኮቱ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል፤ እሱንም የቀባሁት እኔው ነኝ። ዳይሬክተሩ ከሩቅ አየኝና «አርቲስቱ» እያለ መጣ።

«ይክፈቱልን» አልኩት።

«ቁልፉ ከሙዚቃ መምህሩ ጋር ነው። ዕረፍት ወጥቷል።»

«እጅዎ ላይ ሃያ ቁልፍ አለ እኮ። ውስጡስ ሲሚንቶ አይደለም እንዴ?»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ወደ እህቴ ዞሮ ሳቀ። «ሲሠራም እንዲህ ነበር። ቀልድ ብቻ።»

እህቴም አብራው ሳቀች፣ እያፈረች። ዕድሜዬን ሙሉ ያፈራሁት ስም ለዚያ ሰውዬ ምስክር ሆነለት።

አለቃ የተሣለውን ጊታር በጣቷ እየነካች ትቆጥር ነበር። «ጋሼ፣ አ... አንድ ክር ጎ... ጎድሏል።»

ሰኔ 17

የቀለም መፋቂያዬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ዘበኛው ያውቀኛል፣ አስገባኝ። መስኮቱ ላይ አንዲት ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ፋቅኩ። አየሁ። ሲሚንቶው እዚያው ነው። እየሮጥኩ መጥቼ እህቴን «ነይ፣ በዓይንሽ እዪ» አልኳት።

«ምን አስቀምጠህ ነው?»

«የት?»

«ውስጥ። ደግሞ ምን አዘጋጅተህልኝ ነው? ስጎነበስ ምን ሊዘልብኝ ነው?»

ለመንኳት። እጇን ይዤ ለመንኳት። ፊቷን ሳየው ግን ገባኝ... ልመናዬንም እንደ ጨዋታው አካል ነው ያየችው። ማምሻውን ብመለስ ዘበኛው ቀዳዳዋን አይቶ ቀለም አስቀብቶባታል።

ሰኔ 20

ተመዘገበች። አረንጓዴው ውስጥ። ለመምህርቷ ሄጄ ነገርኳት። ቦታውን ለሌላ ልጅ ሰጠችው።

ሐምሌ 18

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ኮፍያዬን አውልቄ። ሲሚንቶውን በነጻ ላወጣለት፣ ግድግዳውን ልቀባለት፣ መዝሙር የምታስጠና ሴት ልፈልግለት አልኩት። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት።

እስክጨርስ ሰማኝ። «ወንድሜ፣ ወላጅ የሚያየው በሩን ነው። በሩን ደግሞ ቆንጆ አድርገህ ሠርተህልኛል።»

አመስግኖኝ እኮ ነው።

ነሐሴ 11

«ጋሼ፣ ፒ... ፒያኖ አለ?»

«ጊታር አይተሽ የለ?» አልኳት። አልዋሸሁም። እንግዲህ የቀረኝ እውነት ይሄ ነው?

የሙዚቃ መምህሩ ሲጠይቃት የምትዘፍነውን መርጣለች። ቀኑን ሙሉ ቀለም ቆርቆሮዎቹ መሃል ተቀምጣ ትለማመዳለች። አንድም ቦታ አይዛትም።

መስከረም 23

በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ አንድ ልጅ በማይክሮፎን ያነባል። ዛሬ ተራው የአለቃ ነበር። የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፣ የሷም ልጅ እዚያ ነው። አለቃ የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆመች። ማይክሮፎኑ ትንፋሿን ብቻ ለግቢው ሁሉ አሰማ። ሳቁባት። መምህሩ ማይኩን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ሰጠው።

«እንዴት ዋልሽ፣ አለቃ?» አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። ዛሬ አልዘፈነችም።

መስከረም 29

እህቴ ስለ ማይክሮፎኑ ልትነጋገር በምሳ ሰዓቷ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዳ ነበር። በሙዚቃው በር ስታልፍ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ልታወጣ ከፍታዋለች።

የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ክፍሌ መጥታ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠች። የሥራ ሰዓት ነው። ሥራ ጥላ ወጥታ አታውቅም።

«ሲሚንቶ ነው» አለች።

«ነግሬሽ ነበር» ምላሴ ላይ ነበር። እንዴት ያለ አስቀያሚ ቃል ነው።

«ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄን የሚያስበው? በልጅ ላይ?»

አሁን ዝም ብል ያልፋል። ሁሉም በዳይሬክተሩ ላይ ያርፋል። ደግሞስ የሱ ጥፋት ትንሽ ነው?

«እኔ ነኝ» አልኳት። «በሩ ባዶ ነበር። የሙዚቃ ክፍል ልበለው ያልኩት እኔ ነኝ። ላስቀው ብዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ቀልድ ፈለገች። እኔም ቢገኝልኝ በወደድኩ።

አመነችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ዛሬ፣ በዚህ ነገር፣ መሐላ እንኳ ሳትጠይቀኝ።

ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወጣች።

ጥቅምት 2

መምህርቷ ዘንድ ሄድን፣ እኔና እህቴ። ሞልቷል። የአለቃን ስም ለሚቀጥለው ዓመት ጻፈችው። «በሕይወት ከቆየሁ» አለች እየሳቀች፣ ደረቷ እያፏጨ።

ጥቅምት 14

አለቃ አሁንም ከኋላዬ ትቆማለች። የዘመመውን ፊደል ግን በጣቷ ነው የምታሳየኝ። እህቴ በስሜ ትጠራኛለች፣ በትሕትና፣ እንደ ተከራይ። ትናንት ባለ ዳቦ ቤቱ ታፔላ ሊያሠራ መጥቶ እንደ ልማዱ በቀልድ ጎነተለኝ። ሳልመልስለት ስቀር «አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

ዛሬ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። የማላውቃት ሴት ናት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛለች። ሥራ መስሎኝ ብሩሼን አስቀመጥኩ።

«ታፔላ ጸሐፊው እርስዎ ነዎት? እዚያ ትምህርት ቤት በሮቹ ሥር በትንሹ የጻፉትን አድራሻ አይቼ ነው። ለዚህ ሰፈር አዲስ ነኝ፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ልጄን ላስገባ ነበር... እርስዎ ውስጡን አይተውት እንደሆነ ብዬ ነው። የሙዚቃውን ክፍል።»

አታውቀኝም። ቀልደኛ መሆኔን የነገራት የለም።

«ሙዚቃ የለም» አልኳት። «ሲሚንቶ ነው ያለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

አልሳቀችም። ትንሽ አየችኝና የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ ዓይኗ ከኋላዬ የቆመችው ላይ ዐረፈ፣ የዚያን ትምህርት ቤት ልብስ የለበሰችው ላይ።

«አንቺ እዚያ ነሽ የምትማሪው? ስምሽ ማነው?»

የአለቃ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። እህቴ ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ወጣች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። የአለቃ ስም አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር። ዋጥኩት።

ጠበቅን።