ማሽኑን ማን አቆመው?

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ አርባ ሦስት ወረቀት ፈረምኩ። አንዱ የመጥረጊያ ነው። መጥረጊያ! የደብተር ፋብሪካ ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ ብዬ እናቴን በደስታ ያስለቀስኳት ለዚህ ነው? እጄ ዝሏል፤ ጥርሴ ግን አልከደን ብሏል። ከተሾምኩ ገና አስራ አምስት ቀኔ ስለሆነ ይሆናል...

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ጉድ ፈላ! ስብሰባ ላይ ሆኜ፣ መስመር የሚያሰምረው ማሽን ሁለት ሰዓት ሙሉ አጣሞ ሲያሰምር ቆየ። ሁሉም ቆሞ ያየዋል። የፈረቃ አለቃውን ጠራኋቸው፤ ሠራተኛው በሹክሹክታ “ጋሽ ይፈረም” የሚላቸውን። እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

“ጋሼ፣ መጣመሙን አላዩም?”

“አየሁ እንጂ።”

“ታዲያ ለምን አላቆሙትም?”

“ማሽን ለማቆም የሥራ አስኪያጅ ፊርማ ያስፈልጋል። እርስዎ ደግሞ አልነበሩም።”

ልቆጣ ብዬ ሳቄ አመለጠኝ። ግን ምኑ ያስቃል? የትምህርት ቤቶች ትእዛዝ ቀለሙ ወደ ጀርባ እያሳለፈ ሁለት ጊዜ ተመልሶብናል። ቦርዱ እንቅጩን ነግሮኛል፤ እስከ ጥር 24 ደህና ደብተር ካላስረከብኩ ወደ እቅድ ክፍል መመለሴ ነው። መስኮት ወደሌለው!

ሐሙስ፣ ጥር 9

የድሮውን ደንብ ሠራተኛው ፊት ቀደድኩት። ቸርርር! “ከዛሬ ጀምሮ ብልሽት ያየ ሰው ማሽኑን ያቆማል። ማንንም አይጠይቅም!” አልኩ።

ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። አንዷ ጠራዥ ብቻ እጇን አወጣች። “እሺ... ይሄንንስ ማን ይፈርምልናል?”

ለባሌ ስነግረው በሳቅ ሞተ። ክፉ!

ሰኞ፣ ጥር 13

ማንም ምንም አላቆመም። ሁሉም ሊጠይቀኝ ቢሮዬ በር ላይ ተሰልፏል። ጸሐፊዬ “ወንበር እንጨምርላቸው?” ትለኛለች።

ጋሽ ይፈረም ሙጫ ቀጠነ ብለው መጡ። “ምን ይሻላል?” አሉኝ። “እርስዎስ ምን ይላሉ?” አልኳቸው። “እርስዎ ያሉኝን ነዋ!” አሉ። ስንገባበዝ ሻያችን ቀዘቀዘ።

ችግሩ እኔ ነኝ እንዴ? እስካለሁ ድረስ ይጠይቁኛል። ባልኖርስ...?

ሐሙስ፣ ጥር 16

አልገባሁም! ፈቃድ ወጣሁ። ምንም አልሆንኩም ደግሞ። ባሌ ስልኬን ኪሱ ከትቶ ሥራው ሄደ። “አለቃዬ፣ ዛሬ ማንንም አታዢም።”

እስከ አራት ሰዓት ቁም ሳጥን አስተካከልኩ። በአምስት መጋረጃ አወረድኩ። በስድስት የጎረቤት ስልክ ልለምን በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከዛ መጋረጃውን መልሼ ሰቀልኩ።

ባሌ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሲገባ ስልኬን ነጠቅኩት። አንድም ጥሪ የለም። አንድም! እሰይ! ...ቆይ ግን፣ ያለ እኔ እንዲህ ይቀላቸዋል? ከፋኝ። ደስ አለኝ። ሁለቱም።

አርብ፣ ጥር 17

ማሽኑ ትናንት አርባ ደቂቃ ቆሞ ነበር! ቀለሙ ወደ ጀርባው ገጽ ሲያሳልፍ አቁመው፣ አጥበው፣ እንደገና አስነስተውታል። ማን አቆመው? ጠራዧ ጫማዋን ታያለች። ጋሽ ይፈረም “ቆመ” አሉ፣ ደክሞት ያረፈ ይመስል።

አልጫንኳቸውም። ቢሮዬን ዘግቼ እስክስታ ወረድኩ። ጸሐፊዬ ሳታንኳኳ ገባች... አይ ውርደት!

አርብ፣ ጥር 24

ርክክብ። የቦርዱ ሰብሳቢ ራሳቸው መጡ። ደብተር እያነሱ ወደ ብርሃን ይዘው ገለጡ። ንጹህ። ቀጥለው የማሽኑን መዝገብ አነሱ።

“ጥር 16፣ አርባ ደቂቃ ቆሟል። ማን ፈቀደ?”

“በዕለቱ አልነበርኩም” አልኩ።

“አንቺ ሳትኖሪ ያገኘ ሁሉ ማሽን ያቆማል?”

እኔ ነኝ ያዘዝኩት ልበል? አፌን ስከፍት ጋሽ ይፈረም ወደ ፊት ወጡ።

“እኔ ነኝ ያቆምኩት። ማንም አልፈቀደልኝም። ነገም ከተበላሸ አቆመዋለሁ።”

ሰብሳቢው አዩዋቸው፣ አዩዋቸው... ደብተሩን እንደገና ገለጡ። “ሁለቴ የተመለሰብን በቀለም አልነበር?”

“በቀለም ነው” አሉ ጋሼ።

“እንግዲህ ይሄኛው አይመለስም።” ወደ እኔ ዞሩ። “ተጠባባቂ የሚለውን ከበርሽ ላይ አስነቅይው።”

ሰውዬው ገና ከግቢ ሳይወጡ ጠራዧ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ። ጋሼን አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። “እንዴት ደፈሩ?” ብላቸው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

“ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ለማቆም እጄን ሲበላኝ ነው የኖረው” አሉኝ።