ከሱቅ ዐረቢ የተገዛው የዓሣ መውጊያ ዘንግ

ወንድሜ ይሁኔ፣

ዛሬ ካርቱም ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ከእኅቴ ከብርቅነሽ ልጅ ከኡበይ ጋር የዓሣ መውጊያ ዘንግ ስመርጥ ዋልኩ። የድሮው ተሰብሮበታል፤ መረቡን ጦርነቱ ስለበላው እሱና እናቱ የሚበሉት ዓባይ ዳር ወግቶ የሚያመጣውን ብቻ ነው። እኔና አንተ ባሕር ዳር ለአንድ ቀርቀሃ ግማሽ ቀን ስንጨቃጨቅ ትዝ ይልሃል? እዚህ ደህና እንጨት ሁሉ ማገዶ ሆኖ አልቋል።

ነጋዴው አንድ የአሉሚኒየም ዘንግ አወጣ። መሬት ላይ አንከባለልኩት፤ ቀጥ ያለ፣ ቀላል፣ እንከን የማይወጣለት። ጫፉ ላይ ግን የግሉኮስ መስቀያ መንጠቆ አለው። ከሆስፒታል የተዘረፈ ነው! «ይህን ለመሸጥ አታፍርም?» ብዬ ጮህኩበት።

ኡበይ ክንዴን ያዘኝ። «ኻሎ» ይለኛል አጎቴ ለማለት፤ «ኸላስ፣ በቃ፣ ተወው። እማዬ ታማ የተኛች ጊዜ መስቀያ ጠፍቶ ግሉኮሷን በእጄ ይዤ ስቆም አድሬያለሁ። አሁን ብንተወው ለማን ይመለሳል?»

ዋጋውን ከፈልኩ። ኡበይም መንጠቆውን በመጋዝ አስቆርጦ ወሰደው፤ ማምሻውን በእሱ ዓሣ ወግቶ መጣ።

ፖስታ ካርዱ ሞላ፤ ብርቅነሽም ዓሣው ደረሰ እያለች ትጠራኛለች። ባለቤትህን እታፈራሁንና ልጆቹን ሳምልኝ። ካርቱም ገብቶ ዓሣ በላ በላቸው። በምን እንደተወጋ አትንገራቸው፤ እኛም ለብርቅነሽ አልነገርናትም።

ጌታሁን