ጨው ያልገባበት ኖራ

ገሜ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ሱቁም አለ፤ የጌዶ ደንበኞቻችን አልቀሩም። የምጽፍልህ ግን ስለ ግድግዳችን ነው።

ከተማው በተረበሸ በዓመቱ፣ መንገድ ዳር ባለው የሱቃችን ግድግዳ ላይ በር ላይ ቆማ ልጇን የምትጠብቅ እናት ሣልክ። ከቀበሌ መጥተው ማንን ነው የምትጠብቀው ብለው ጠየቁህ። ባሏን ነው፣ ጠጅ ቤት አምሽቶባት ብትላቸው አንዱን ሳቅ አመለጠው፤ አጥፋት መባልህ ግን አልቀረም። በኖራ ሸፈንካት። ኖራ ጨው ካልገባበት እንደማይዝ ቤት ያስለቀለቀ ሁሉ ያውቃል። አንተ የጨው ጆንያ አጠገብህ እያለ ሳትጨምር በጠበጥከው። ክረምት ሲገባ መጀመሪያ ዓይኗ፣ ከዚያ ነጠላዋ ብቅ አለ። በየዓመቱ አስጠፉህ፤ ዝናቡን ግን ማሰር አልቻሉም። ልጇ እንደወጣ የቀረባት ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በገበያ ቀን ግድግዳውን በእጇ ነካ አድርጋ ታልፍ ነበር።

አሁን ሰዎቹ ተቀይረዋል። አዲሶቹ ሥዕሏን ወደዷት፤ አንተንም ጀግና አሉህ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። በኋላ ግን ለሚያከብሩት በዓል እናቲቱ መሳቅ አለባት፣ የጠበቀችው መጥቶላታል ተባለ። መደራደር አውቃለሁ፤ ሌላ ግድግዳ ልስጣችሁ አልኩ፣ የሚስሉበት ቆርቆሮም አቀረብኩ። አለቃቸው ረጋ ብሎ፣ አዴ ወርቄ፣ ንግድ ፈቃድዎ የሚታደሰው በዚህ ወር አይደል ሲለኝ ግድግዳውን ለቀቅኩላቸው። ሠዓሊያቸው ጥርስ አወጣላት፤ ከራሷ በላይ መፈክር ጻፉ። በዘይት ቀለም ነው፤ ቀለሙንም የወሰዱት ከእኛው መደርደሪያ።

አዴ ጫልቱ አሁን በማዶ በኩል ታልፋለች።

ዘይት ቀለም በዝናብ እንደማይለቅ ሻጯ እኔ አውቃለሁ። ቢሆንም ዝናቡ ባባራ ቁጥር ወጥቼ አያታለሁ። ትስቃለች። የቀድሞ ፊቷን በቀን ማስታወሻዬ ላይ ልጽፍ ሞክሬ፣ «ትጠብቅ ነበር» ከማለት አላለፍኩም። እጄ ሥዕል አያውቅም፣ ገሜ። ብቻ እስካለሁ እሷንም አንተንም አልረሳም፤ ለልጆቻችንም ኖራ ያለ ጨው የሚበጠበጥበት ጊዜ እንዳለ ነግሬያቸዋለሁ።

ያንተው ወርቄ