ከተረት ማንን ትጠሪያለሽ?

ግንቦት 4 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ አዳማ

ነፋስ ብቻ። ቤቱን ሁለቴ ጠረግሁ፣ ሁለቴ አቧራ ሞላው። የበሩ መቀርቀሪያ ከተሰበረ ወዲህ የምሸጉረው በአማቴ በትር ነው። በትሯ ቀጭን ናት፣ ግን ቀጥ ያለች፤ ልክክ ትላለች።

ባቡር መጣ። እንደ ልማዴ ጣቢያ ወጣሁ። ደገፋ የለም… ባሌ ከአንድ ቆዳ ነጋዴ ጋር ጅቡቲ ከወረደ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። "ሳልቆይ እመለሳለሁ" ነበር ያለኝ። ሳይቆዩ ማለት ስንት ነው? እስከ ዛሬ አንድም ባቡር አምልጦኝ አያውቅም። ከባቡር ወርዶ ቢያጣኝስ?

ግንቦት 6 ቀን

ልብስ አጠባ። ከባቡሩ ውሃ ማጠራቀሚያ የሚፈሰው ትርፍ ውሃ ዛሬ ብዙ ነበር፣ ሴቱ ሁሉ ወጥቷል። ጎረቤቴ ደራርቱ፣ የአርሲ ደራዋ፣ እንደ ሁልጊዜው ጨዋታ አመጣች። "ክፉ ቀን ቢመጣባችሁ፣ ከተረት አንድ ሰው ጠርታችሁ አጠገባችሁ አቁሙ ብትባሉ ማንን ትጠራላችሁ?"

አንዷ ቅዱስ ገብርኤልን አለች። "እሱ ተረት ነው እንዴ? ወግጂልን!" ብለን ተንጫጫንባት። ቶይባ፣ የወሎዋ፣ ጅብ አስክራ ጥርሱን የነቀለችውን ልጅ መረጠች። አያቷ ናት አሉ የነገረቻት። ሳቅ ገደለን።

እኔ ሳላስበው "ነገሪ አባ ቦራ" አልኩ።

"ደሞ እሱ ማነው?"

ምን ልበላቸው? ደገፋ ከራሱ የፈጠረው ሰው ነው። ከእራት በኋላ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ ይነግረኝ ነበር። ፈረሱ ቦራ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። የተበደለ ሰው ከጠራው ከየትም ይደርሳል። ደገፋ ሊሄድ ሰሞን ነገሪን አዋሽ ዳር አደረሰው። ወንዙ ሞልቷል፣ ፈረሱ አልገባም ብሏል፣ ከማዶ ሴት ትጮሃለች… "የቀረውን ስመለስ" አለኝና ሄደ። ይኸው ነገሪም እዚያው፣ እኔም እዚሁ።

ደራርቱን "አንቺስ?" አልናት። ልብሷን እየጨመቀች "እኔ ተረት አልፈልግም፣ ሲንቄዬ አለችኝ" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ግንቦት 19 ቀን

ባቡር። የለም።

ሰኔ 2 ቀን

የቶይባ ባል መሐመድሰዒድ ከጅቡቲ ተመለሰ። እየሮጥኩ ሄድኩ። እዚያ ንዳድ ገብቶ ሰው ጨርሷል አለ። ውሃ ሳያቀርቡልኝ "ደገፋስ?" አልኩት።

"አላየሁትም እህቴ። ወላሂ ሞተ አልልሽ፣ አለ አልልሽ።"

ካላየው እንግዲህ አልሞተም ማለት አይደለም? መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሳመላልስ ቤቴን አልፌ ሄጄ ነበር።

ሰኔ 11 ቀን

የንዳዱ ወሬ የደገፋ አገር ሁሩታ ደርሷል። የደገፋ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ወዬሳ፣ በበቅሎ መጡ። የሰጠኋቸውን ውሃ ጠጡ። ከዚያ…

"ወንድሜ ሞቷል። በእኛ ባህል የሟች ሚስት ለወንድሙ ናት። ሜዳ ላይ አትወድቂም። ቤት አለኝ፣ ላም አለኝ።"

"ሞቶ ያየው የለም እኮ፣ ጋሼ።"

"ኖሮስ ማን አየው?"

ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ሊወስዱኝ ቀጠሮ ይዘው ሄዱ። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፣ የሚወስዱኝ በመልካም ልብ ነው። ሁሩታ ባቡር የለም። ደገፋ መጥቶ ባዶ ቤት ሊያገኝ? ከዚያ ወንድሙ ጋ ሄዶ እኔን የወንድሙ ሚስት ሆኜ ሊያየኝ?

ወዴት ልሂድ? አባቴ ቡልጋ ተቀብሯል። ፊደል አስተማረኝ፣ የሚከራከርልኝ ወንድም ግን አልተወልኝም።

ሰኔ 12 ቀን

ደራርቱ ልታጽናናኝ መጣች። ሁልጊዜ ግቢ ቁጭ ብለን ነው የምናወራው፤ ዛሬ ዝናብ አስገባት። በሩን ልሸጉር በትሯን ሳነሳ ጮኸች።

"ማል ጎቴ! ምን አደረግሽ አንቺ? ይህን ማን ሰጠሽ?"

"የደገፋ እናት፣ በሰርጌ ቀን።"

"እና በር ትዘጊበታለሽ?!"

ደገፋ እያለ በትሯ ከራስጌያችን ነበረች። ምንድን ናት ስለው ይስቃል፣ "የሴቶች ነገር ነው፣ ደራርቱን ጠይቂ።" አልጠየቅኋትም። እሱ ሲሄድ መቀርቀሪያው ተሰበረ… እኔ ምን አውቃለሁ?

ደራርቱ በትሯን በቀሚሷ ጠረገቻት፣ ቅቤ አምጥታ ቀባቻት። ሲንቄዬ የምትለው ይቺን ነው ለካ። በአርሲ እናት ለሴት ልጇ በሰርጓ ቀን ትሰጣታለች። ሲንቄ የያዘችን ሴት ወንድ አልፎ አይነካም። ከነካ ሴቱ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል።

"ለልጅ ነው የሚሰጠው፣ ለምራት አይደለም" አለችኝ። "አማትሽ ሴት ልጅ አልነበራትም፣ አንቺም እናት የለሽም። ልጇ አድርጋሽ ነው።"

አማቴ በሞተች ጊዜ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም። አሁን በሩን በሙቀጫ ደግፌዋለሁ።

ሰኔ 27 ቀን



ረፋድ ላይ ወዬሳ መጣ። ዛሬ አንቱ አልለውም። ሁለት ሽማግሌና የጭነት በቅሎ ይዟል። "ዕቃሽን አውጪ" አለ።

"አልሄድም። ደገፋን እጠብቃለሁ።"

"የሞተ ሰው አይጠበቅም!" ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፣ ወንድሙ ነውና። ቢሆንም ገብቶ ማሰሮዬን ማውጣት ጀመረ።

ጉድ ነው መቼም… በልቤ የጠራሁት ማንን ነው? ነገሪን! አባ ቦራ ድረስልኝ አልኩ። ወዲያው ትዝ አለኝ፣ እሱ አዋሽ ዳር ቆሟል። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ሲንቄዬን አንስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። እንዴት ትቀላለች! ይቺ ናት የምታድነኝ? ወዬሳ ልብም አላላትም፣ ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ ነጠላዬ ተተረተረ። ያኔ ደራርቱ ከአጥሩ ማዶ አየችን።

"ኢያ! ኢያ! ሲንቄ!"

እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ከየቤቱ ወጡ። አንዷ ሊጥ በእጇ፣ አንዷ ፀጉሯን ግማሹን ብቻ ተሠርታ፣ ሁሉም በትራቸውን ይዘው። ቶይባ ሲንቄ የላትም፣ ማማሰያ ይዛ መጣች። ከበቡን። የሰደበችው የለችም፣ የመታችውም የለችም። በትራቸውን ቀጥ አድርገው እያንጎራጎሩ ቆሙ።

አንደኛው ሽማግሌ "ልቀቃት! የያዘችውን አታይም?" አለው። ወዬሳ በትሯን ያያት ያን ጊዜ ነው። አወቃት፣ የእናቱ ናት። እጁ ከክንዴ ላይ ወደቀ።

ሰኔ 29 ቀን

ነገሩ ሳያልቅ ሴቶቹ ቤታቸው አይገቡም፣ ሥርዓቱ ነው። ሰፈሩ መሃል ካለው ግራር ሥር ዋልን፣ አደርን። ባሎች ሊጥ ሲያቦኩ ታዩ አሉ፤ የመሐመድሰዒድ ሽሮ አርሮ ሰፈሩን አስነጠሰው። ዛሬ ወዬሳ የካሳ ጊደር እየነዳ፣ ለእርቅ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ መጣ። "ስለ እናቴ በትር ማሩኝ" አለ። ሴቶቹ ማሩት። እስከፈለግሁ ድረስ ልጠብቅ፣ ማንም አይነካኝ ተባለ።

ሊሄድ ሲል ጠጋ ብሎ "እኔስ የማልጠብቀው መስሎሽ ነው?" አለኝ።

"ደህና ይግቡ፣ ጋሼ" አልኳቸው። አንቱታው ራሱ ተመለሰ።

ሐምሌ 10 ቀን

ይህን ሁሉ ለማን ላውራ? ሴቱ ሁሉ ነበረበት፣ ያልነበረው እሱ ብቻ። ቢሰማ "ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" ይል ነበር። የሊጡ ወሬ ጋ ስደርስ ይንከተከት ነበር።

ነገሪን ስጠራ የሚታየኝ ፈረሰኛ አይደለም እኮ። ደገፋ ነው፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ቆሎ እየቆረጠመ ሲያወራ። ነገሪ ፊት እንኳ የለውም። ለካ ስጠራ የኖርኩት የሚያወራውን ሰው ነው። ናፈቀኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ሐምሌ 22 ቀን

ባቡር። የለም። ዝናብ።

ነሐሴ 3 ቀን

ይህን የምጽፈው ከግራሩ ሥር ነው። ደብተሩን ጣቢያ ስጠብቅ ልጽፍበት ይዤው ነበር።

ጠዋት ከበር ስወጣ ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ። እሱ ዝም ሲል ሌላ ጩኸት ተተካ፣ ከሐዲዱ ማዶ። "ኢያ! ኢያ!" ሴት ናት።

ቆምኩ። ባቡሩ ደሞ ጮኸ። ዛሬ ቢሆንስ? የዛሬው ቢሆንስ የሚመጣበት? እግዚአብሔር ያውቃል፣ እግሬ ወደ ጣቢያው ተነሥቶ ነበር… ተመልሼ ገባሁና ሲንቄዬን ከራስጌዬ አነሳሁ። ባቡሩ ሳይደርስ ሐዲዱን ተሻገርኩ።

ባሏ በጅራፍ የገረፋት ናት፣ ገና ልጅ። ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር። እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ከኋላዬ ባቡሩ ገባ፣ ቆመ፣ ሄደ። ዞሬ አላየሁም። አሁን ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ባልየው ካሳ እስኪያቀርብ ማናችንም ንቅንቅ አንልም።

ደራርቱ ሳቅ ብላ "ባቡርሽ አመለጠሽ" አለችኝ።

አዎ፣ አመለጠኝ። ስወጣ ሙቀጫውን በሩ ላይ አላስጠጋሁም፣ በሩ ክፍት ነው። መጥቶ ከሆነ ቤቱን ያውቀዋል።