ወደ ላይ የሚባለው አቅጣጫ በእናቴ እግር ላይ ስላደረሰው ነገር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ከፍ ያለ፣ ጉልበትዎም ደረጃ የማይፈራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቆርቆሮ በመምታት የምተዳደር ሰው ነኝ። ቆርቆሮ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እየተደረበ ካልተመታ ዝናቡ ከባለቤቱ ጋር እንደሚያድር ስለማውቅ፣ ላይና ታችን ለይቻለሁ ብዬ እመካ ነበር። ሆስፒታልዎ ከዚህ ትዕቢት ስላወጣኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አንደኛ፣ የእናቴ እግር ጄሶው በተፈታለት ማግስት፣ ግድግዳችሁ ላይ «ፊዚዮቴራፒ» የሚል ጽሑፍና ወደ ላይ የቆመ ቀስት አይቼ እናቴን አዝዬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። እዚያ የጠበቀኝ የተሰበረ ወንበር ክምርና የርግብ ጎጆ ነው። ለካ በእናንተ ቤት ወደ ላይ ማለት ቀጥ ብለህ ሂድ ማለት ኖሯል፤ ክፍሉ ምድር ቤት፣ ከበሩ ፊት ለፊት ነበር። እናቴ ጀርባዬ ላይ ሆና እንባዋ እስኪፈስ ስለሳቀች ይህንን ትቼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ወጣቱ ባለሙያ ትሕትናው የሚመሰገን ቢሆንም፣ እብጠቱ እንዲቀንስ እግሯን ከፍ አድርጌ «አፕዋርድ» እንዳሻት በእንግሊዝኛ አሳምሮ ነግሮኝ ወደሚቀጥለው ታካሚ ከነፈ። አፕ ማለት ወደ ላይ መሆኑን ከሊፍት ተምሬያለሁና «ኦኬ» አልኩ። ጉድ የሠራችኝ ይህቺ ኦኬ ናት።

ሦስተኛ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴን የምታስታምማት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ የታዘዝኩት እኔ ስለሆንኩ ግን በኩራት እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እግሯን ትራስ በትራስ ላይ ደርቤ ሰቀልኩት። የተሰቀለ እግር ጣቶቹ ጣሪያ ያያሉ፤ ጣሪያ ደግሞ የእኔ አገር ነው። ስለዚህ ከጉልበቷ ጀምሬ ወደ ጣቶቿ ሳሻት ከረምኩ። እብጠቱ መርገጫዋ ላይ ተሰብስቦ ቆዳዋ ተወጠረ፤ መቆም አቃታት። ተመልሰን ስንመጣ ወጣቱ ደንግጦ እንዳስረዳኝ፣ በሰው አካል ትምህርት «ላይ» ማለት ወደ ራስ በኩል ነው፤ ሰውየው ቢተኛም፣ ቢዘቀዘቅም፣ እግሩ ቢሰቀልም ላዩ አይቀየርም። ጭስ ወደ ላይ ለመውጣት አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ባቄላም ተገልብጣ ብትዘራ ቡቃያዋ መንገድ አይስትም። ባቄላን ያልጠፋት መንገድ እኔን ጠፋኝ!

አቤቱታዬን ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ ጉዳዩ ወደ ላይ መመራቱን አበሰሩኝ። እኔም የትኛው ላይ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ።

ክቡርነትዎ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ቢሉኝ እውነት አለዎት። ሳሻት አንሶላውን ጨብጣ ጥርሷን ስትነክስ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ምነው እማዬ አላልኳትም፤ አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ነበር ጭንቀቴ። ትራመድ ይሆን ወይስ እንዲሁ ትቀር ይሆን የሚለው ነገር ሚስማር ስመታ እንኳ አይለቀኝም። ለማንኛውም፣ ሌላ ሰው እናቱን አዝሎ ወደ ርግቦቹ እንዳይወጣ ቀስቱን ቢያስተካክሉ፣ እግር ለሚያሹትም የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ በእጅ ቢያሳዩዋቸው ውለታዎን አልረሳም።

ከመሰላል ጫፍ ላይ ቆሞ እንኳ እርስዎን አንጋጦ የሚያይ፣
አክባሪዎ ቆርቆሮ መቺው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ሳነብላት፣ አቅጣጫውን እንደሳትኩ ሕመሙ ከመጀመሪያው ቀን ነግሯት እንደነበር ገለጸችልኝ። ዝም ያለችው፣ ከተናገረች እንደ ልማዴ ልብስ ሰፊዋን ጠርቼላት እንዳልሄድ ፈርታ ነው። ስለዚህ ክሱን ከእርስዎ ላይ ግማሹን አንስቻለሁ፤ ቀስቱን ግን አደራ። አሁን በትክክል እያሸኋት ነው፤ እብጠቱም እየቀነሰ ነው፤ እናቴ ግን ቶሎ እንዳይሻላት የምትጸልይ ይመስለኛል።